ጓሯችሁ ላይ ቤት ለመሥራት፦ የካሊፎርኒያ የኤዲዩ ፈቃድ አወጣጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤት ያለው ሐበሻ ጓሮውን እያየ "እዚህ ላይ ሁለት ክፍል ብሠራስ?" ብሎ ማሰቡ አይቀርም። እናት ከአገር ቤት ትመጣለች። ልጅ ኮሌጅ ጨርሶ ኪራይ ሲከብደው ወደ ቤት ይመለሳል። ሞርጌጁም በየወሩ አለ። አዲስ አበባ ቢሆን ሰርቪስ ነው። እዚህ ኤዲዩ ይባላል፣ የራሱ ወጥ ቤት፣ የራሱ መታጠቢያና የራሱ መግቢያ ያለው፣ ከዋናው ቤት ጋር በአንድ ግቢ የሚቆም ሁለተኛ ቤት ማለት ነው።

ብዙ ሰው ገና ሳይጀምር ይፈራል። "ሲቲው አይፈቅድም" ይባላል፣ "ጎረቤት ይከሳል" ይባላል፣ ከዚያ አንዱ መጥቶ "ያለ ፈቃድ ቅዳሜና እሁድ እየሠራሁ እጨርስልሃለሁ" ይላል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው። ከ2017 ጀምሮ፣ በተለይ ደግሞ ከ2020 ወዲህ፣ የስቴቱ ሕግ ከባለቤቱ ጎን ቆሟል። ፕላናችሁ በሕግ የተጻፈውን መለኪያ ካሟላ ሲቲው መፍቀድ ግዴታው ነው። የሕዝብ ስብሰባ አይጠራም። ጎረቤት ተጠይቆ ድምፅ አይሰጥም። ባለሥልጣኑ "መልኩ ለሰፈሩ አይመጥንም" ብሎ በራሱ ስሜት ሊከለክላችሁ አይችልም። ፈቃዱ መብት እንጂ ውለታ አይደለም፤ ይህን ይዛችሁ ስትገቡ አነጋገራችሁም ይለወጣል።

ምሳሌዎቼ አብዛኞቹ ከሎስ አንጀለስና ከአካባቢው ናቸው። የስቴቱ ሕግ ግን ኦክላንድም፣ ሳን ሆዜም፣ ሳን ዲዬጎም ያው ነው። ሲያትል ያላችሁ የራሳችሁ ሕግ አላችሁ። ዋሽንግተን ስቴት በ2023 ባወጣው ሕግ ሲቲዎች በአንድ ግቢ ሁለት ኤዲዩ እንዲፈቅዱ አስገድዷል፤ እዚህ ያሉት ቁጥሮች ግን ለእናንተ አይሠሩም።

አንደኛ፦ ግቢያችሁ በማን ሥር እንዳለ እወቁ

ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ፖስታችሁ ላይ "ሎስ አንጀለስ" ስለተጻፈ ብቻ በሎስ አንጀለስ ሲቲ ሥር ናችሁ ማለት አይደለም። ለምሳሌ ቪው ፓርክና ላዴራ ሃይትስ በካውንቲው ሥር ናቸው። ኢንግልዉድ፣ ሆውቶርን፣ ከልቨር ሲቲ ደግሞ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ሲቲዎች ናቸው፣ የራሳቸው የግንባታ ቢሮ፣ የራሳቸው ክፍያ፣ የራሳቸው ፎርም አላቸው። መብራቱም ይለያያል። ሎስ አንጀለስ ሲቲ ውስጥ ከሆናችሁ መብራቱ የከተማው የውኃና ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ነው፣ ኢንግልዉድ ከሆናችሁ ኤዲሰን የሚባለው ኩባንያ ነው። ፈቃድ የምትጠይቁት ከማን እንደሆነ ሳታውቁ ለሌላ ሲቲ የተሠራ ፕላን ከሰው ተቀብላችሁ አትጀምሩ።

ሁለተኛ፦ ለፕላን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መሬቱን አጥኑ

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ክፍል ውሰዱ። ሰዎች መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ ዲዛይነር ነው። ቆንጆ ሥዕል ይሠራላቸዋል፣ ይከፍላሉ፣ ከዚያ ጓሮው መሐል የፍሳሽ ቧንቧ ተቀብሮ ይገኛል። ገንዘቡ ሄደ።

ሎስ አንጀለስ ሲቲ ውስጥ ዚማስ የሚባል የከተማው ድረ ገጽ አለ፣ ነፃ ነው። አድራሻችሁን ስታስገቡ የመሬቱ ዞን፣ ስፋቱ፣ በታሪካዊ ሰፈር ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑ፣ በከፍተኛ የእሳት አደጋ ክልል ወይም በኮረብታ ክልል ውስጥ መግባቱ ሁሉ ይወጣል። ሌሎች ሲቲዎችም ተመሳሳይ ካርታ አላቸው። ከሌላቸው የፕላኒንግ ቢሮው ጋ ደውላችሁ "የዚህ አድራሻ ዞን ምንድን ነው? የተለየ ክልል ውስጥ ይገባል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል።

ዞኑ መኖሪያ የሚፈቅድ ከሆነና ቤት ካለበት ወይም ሊሠራበት ከታሰበ፣ በመሠረቱ ኤዲዩ ይፈቀዳል። ጥንቃቄ የሚፈልጉት ልዩ ክልሎቹ ናቸው። ኮረብታ ላይ የአፈር ጥናት ሊጠየቅ ይችላል። የእሳት አደጋ ክልል ውስጥ ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታ አለ። ባሕር ዳርቻ አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ ከግንባታ ፈቃዱ ሌላ የባሕር ዳርቻ ፈቃድ የሚባል ይጨመራል።

ካርታው የማያሳያችሁን በእግራችሁ ዞራችሁ እዩ። ቀና ብላችሁ የመብራት ሽቦ በጓሮው ላይ ያልፍ እንደሆነ ተመልከቱ፣ ምክንያቱም ከሽቦው መራቅ ያለበት ርቀት አለ፣ ቤቱን ወደ ሌላ ማዕዘን ሊገፋው ይችላል። የፍሳሽ መስመሩ የት በኩል እንደሚወጣ አግኙ። ጓሮው ከመንገዱ ዝቅ ያለ ከሆነ ፍሳሹ በራሱ አይወርድም፣ ፓምፕ ይፈልጋል፣ ይህም ወጪ ነው። የመብራት ፓኔሉን ክፈቱና ስንት አምፕ እንደሆነ አንብቡ፤ የድሮ ቤቶች ብዙ ጊዜ 100 አምፕ ናቸው፣ ለሁለት ቤት አይበቃም፣ ወደ 200 ማሳደግ ይመጣል፣ ለዚያ ደግሞ የመብራት ኩባንያው ቀጠሮ አለ። ይህ ቀጠሮ ከግንባታው ራሱ በላይ ሊያንገላታ ስለሚችል በመጀመሪያው ሳምንት አመልክቱ።

ቤቱን ስትገዙ የተሰጣችሁ የታይትል ሪፖርት የት አለ? ፈልጉት። እዚያ ውስጥ ኢዝመንት የሚባል ነገር ተጽፎ ሊሆን ይችላል፣ ይኸውም መብራት ኃይል ወይም ሲቲው በግቢያችሁ ጠርዝ ላይ ያለው የመተላለፊያ መብት ነው። እዚያ ላይ ቤት አይቆምም። አጥርንም እንደ ድንበር አትቁጠሩ። የድሮ አጥሮች ብዙ ጊዜ ወይ ወደ እናንተ ወይ ወደ ጎረቤት የገቡ ናቸው። ቦታው ጠባብ ከሆነና እያንዳንዱ ፊት የሚቆጠር ከሆነ ለቀያሽ መክፈል ተገቢ ነው።

ሦስተኛ፦ የትኛውን ዓይነት ነው የምትሠሩት?

ጋራዥ መቀየር ለብዙ ሰው ተመራጩ ነው። ግድግዳውና ጣሪያው አለ፣ ቦታው አለ። ጋራዡ ከጎረቤት ድንበር ጋር ተጣብቆ ቢሆንም እንኳ አፍርሱት ወይም አርቁት አትባሉም፣ በዚያው ቦታና በዚያው ልክ እንደገና ብትሠሩትም ያው ነው። መኪና ማቆሚያው ስለጠፋ ምትክ አዘጋጁ ሊሏችሁም አይችሉም። ግን ጋራዥ ለመኪና እንጂ ለሰው የተሠራ አይደለም። ወለሉ ሥር የእርጥበት መከላከያ ላይኖር ይችላል፣ መሠረቱ ቀጭን ሊሆን ይችላል፣ ኮርኒሱ ከ7 ፊት ማነስ የለበትም። ድንበር ላይ ያለው ግድግዳ ለአንድ ሰዓት እሳት የሚቋቋም መሆን አለበት፣ በዚያ በኩል መስኮት መክፈት አይቻልም። ስለዚህ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ቀድማችሁ አስቡ። "ጋራዥ ስለሆነ ርካሽ ነው" ብሎ ዋጋ የሚሰጣችሁ ሰው መሠረቱን ቆፍሮ አይቶ እንደሆነ ጠይቁት።

ሁለተኛው ራሱን ችሎ የሚቆም አዲስ ቤት ነው። ወጪው ይበዛል፣ ግን ነፃነት አለው፣ ለወላጅም ለተከራይም ምቹው እሱ ነው። ሦስተኛው ከዋናው ቤት ጋር ተያይዞ የሚቀጠል ነው።

አራተኛው ጁኒየር ኤዲዩ ይባላል። እስከ 500 ስኩዌር ፊት፣ በዋናው ቤት ግድግዳ ውስጥ፣ ለምሳሌ ከአንድ ትልቅ መኝታ ክፍል ወይም ከተያያዘ ጋራዥ የሚወጣ። የራሱ በርና ትንሽ ኩሽና ያስፈልገዋል፣ መታጠቢያ ግን ከዋናው ቤት ጋር ሊጋራ ይችላል። መታጠቢያው የጋራ ከሆነ ባለቤቱ እዚያው ግቢ መኖር አለበት የሚል ግዴታ አለ። ለሙሉ ኤዲዩ ግን "ባለቤቱ እዚያው ይኑር" የሚለው ግዴታ ቀርቷል፣ ሁለቱንም ቤት ማከራየት ትችላላችሁ።

በአንድ ግቢ ላይ ሙሉ ኤዲዩና ጁኒየር አንድ ላይ ማድረግ ይቻላል። እንዲያውም የስቴቱ ሕግ አንድ ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ አንድ የተቀየረ፣ አንድ አዲስ ለብቻው የቆመ እና አንድ ጁኒየር እስከማጣመር ድረስ ይፈቅዳል። ያ ሁሉ ያስፈልጋችኋል ማለቴ አይደለም።

አራተኛ፦ ቁጥሮቹን በቃላችሁ ያዙ

ካውንተሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ የስቴቱን ሕግ ያውቃል ማለት አይደለም፣ አንዳንዱ የድሮውን የሲቲ ደንብ ነው የሚያነብላችሁ። ስለዚህ እናንተ እወቁት።

ከጎንና ከኋላ ድንበር መራቅ ያለባችሁ ቢበዛ 4 ፊት ነው። ሲቲው 10 ወይም 15 ሊላችሁ አይችልም። (ከ5 ፊት ያነሰ ከሆነ ግን ያ ግድግዳ ለእሳት የተጠናከረ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ቦታ ካላችሁ 5 አድርጉት፣ ወጪ ትቀንሳላችሁ።) ዞኑ፣ የግቢው ስፋት፣ የክፍት ቦታ ደንቡ ምንም ቢሆን፣ 4 ፊት እስከጠበቀ ድረስ 800 ስኩዌር ፊት የሆነ ቤት ሊከለከል አይችልም። ከዚያ በላይ ሲኬድ ሲቲው የስፋት ወሰን ማስቀመጥ ይችላል፣ ግን ለአንድ መኝታ ከ850፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ ከ1,000 በታች ማውረድ አይችልም። ብዙ ቦታ 1,200 ድረስ ይፈቀዳል። ለብቻው የቆመ ቤት ቁመቱ ቢያንስ 16 ፊት ይፈቀድለታል፣ ዋና የትራንስፖርት መስመር ከግማሽ ማይል ባነሰ ርቀት ካለ 18።

መኪና ማቆሚያ ትልቁ ፍርሃት ነው። የሕዝብ ትራንስፖርት በእግር ግማሽ ማይል ውስጥ ካለ መኪና ማቆሚያ መጠየቅ አይችሉም፣ "ትራንስፖርት" ሲባል ደግሞ ባቡር ብቻ አይደለም፣ የአውቶቡስ ማቆሚያም ይቆጠራል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከዚህ ነፃ ያልሆነ ግቢ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ነባር ቤት ወይም ጋራዥ የምትቀይሩ ከሆነም አይጠየቅም።

ዋናው ቤት ውስጥ የእሳት መርጫ ከሌለ ለኤዲዩው አስገቡ አይባልም። አዲስ ለብቻው የሚቆም ከሆነ ሶላር ይጠየቃል፣ ለተቀየረ ጋራዥ አይጠየቅም። አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ የሚረሳው አንድ ነገር፦ ዋናው ቤታችሁ ላይ የድሮ የዞኒንግ ጉድለት ካለ፣ ለምሳሌ ለድንበር የተጠጋ በረንዳ፣ ለሰው ደኅንነት አደጋ እስካልሆነና ከአዲሱ ሥራ ጋር እስካልተነካካ ድረስ "መጀመሪያ ያንን አስተካክሉ" ብለው ፈቃዱን ሊይዙባችሁ አይችሉም።

ክፍያን በተመለከተ፣ ከ750 ስኩዌር ፊት በታች ከሆነ የልማት ተፅዕኖ ክፍያ የሚባለው፣ ማለትም አዲስ ቤት በመንገድ፣ በፓርክና በመሳሰለው ላይ ለሚያመጣው ጫና የሚጠየቀው፣ አይነካችሁም። ዲዛይነሮች 749 ላይ የሚያቆሙት ለዚህ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ከዋናው ቤት ስፋት ጋር ተመጣጥኖ ይሰላል። የትምህርት ቤት ክፍያ ደግሞ ከ500 በላይ ሲሆን ሊመጣ ይችላል። የፕላን ምርመራና የፈቃድ ክፍያው ግን ሁልጊዜም አለ።

የምትኖሩት የባለቤቶች ማኅበር ባለበት ሰፈር ቢሆንም፣ ለአንድ ቤተሰብ በተመደበ ግቢ ላይ ማኅበሩ ኤዲዩን ጨርሶ ሊከለክል አይችልም። ስለ ቀለምና ስለ ጣሪያ ዓይነት ምክንያታዊ ደንብ ማውጣት ግን ይችላል፣ እሱን ተከተሉ።

አምስተኛ፦ ፕላን

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቀድሞ የጸደቀ ፕላን መውሰድ ነው። ከጥር 2025 ጀምሮ ሁሉም ሲቲዎች የዚህ ዓይነት ፕሮግራም ሊኖራቸው ግድ ነው። ሎስ አንጀለስ ስታንዳርድ ፕላን እያለ ከዚያ በፊትም ነበረው። ከዝርዝሩ ትመርጣላችሁ፣ ከነደፈው ባለሙያ የመጠቀም መብት ትገዛላችሁ፣ ቤቱ ግቢያችሁ ላይ የት እንደሚቆም የሚያሳየው የቦታ ፕላን ብቻ ይጨመራል። ለብቻው ለሚቆም ቤት መልሱ በ60 ፋንታ በ30 ቀን ነው። የግንባታ ኮዱ በየጊዜው ስለሚታደስ ፕላኑ የጸደቀው አሁን ባለው ኮድ መሆኑን ጠይቁ። ቦታችሁ አራት ማዕዘንና ሜዳ ከሆነ ይህ መንገድ በጣም ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ለእናንተ ብቻ የሚሠራ ፕላን ነው። ጋራዥ ለመቀየር ወይም ግቢው ጠማማ ከሆነ ከዚህ ማምለጥ የለም። ዲዛይነሩ በዚያው ሲቲ ፈቃድ አውጥቶ ያውቃል ወይ? ከሲቲው የማስተካከያ ዝርዝር ሲመጣ የሚመልሰው በዚያው ክፍያ ነው ወይስ በየጊዜው ያስከፍላል? የስትራክቸር መሐንዲሱና የኃይል ቁጠባ ሪፖርቱ ዋጋው ውስጥ አሉ? ይህን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ፕላኑ ላይ እያላችሁ ስለ አኗኗራችሁም አስቡ፣ በኋላ ግድግዳ መስበር ውድ ነው። ለእናት ወይም ለአባት ከሆነ በሩ ላይ ደረጃ አይኑር፣ የሻወሩ መግቢያ ከወለሉ እኩል ይሁን፣ በሮቹ ለዊልቸር የሚበቁ ይሁኑ። እንጀራ የሚጋገርበት ከሆነ ለምጣዱ ለብቻው የሆነ የመብራት መስመር አስገቡ፣ ጭሱንና እንፋሎቱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ጠንካራ መሳቢያም አስደርጉ። ቡና የሚቆላበትን ቦታ ለዲዛይነሩ ንገሩት፣ የጭስ ማንቂያው ሕግ በሚያዘው ቦታ ሆኖ ከዚያ ራቅ እንዲል። መኝታ ክፍል ሁሉ በእሳት ጊዜ ሰው የሚወጣበት መስኮት ያስፈልገዋል፣ የመስኮቱ ታች ጠርዝ ከወለል 44 ኢንች በላይ መሆን የለበትም።

ስድስተኛ፦ ማመልከቻው እና 60 ቀኑ

አሁን አብዛኛው በኢንተርኔት ነው የሚገባው። ፕላኑ፣ የስትራክቸር ስሌቱ፣ የኃይል ሪፖርቱና ፎርሙ አንድ ላይ ይገባሉ። የድሮ ጋራዥ አፍርሳችሁ በቦታው የምትሠሩ ከሆነ የማፍረሻውን ፈቃድም አብራችሁ ጠይቁ፣ አብሮ ታይቶ አብሮ ነው የሚሰጠው።

ማመልከቻው ከተሟላበት ቀን ጀምሮ ሲቲው በ60 ቀን ውስጥ ወይ መፍቀድ ወይ መከልከል አለበት። ከከለከለ ጉድለቱን በሙሉ ዘርዝሮ፣ እንዴት እንደሚስተካከል ጭምር በጽሑፍ መስጠት አለበት። 60 ቀን ሙሉ ዝም ካለ በሕጉ መሠረት እንደተፈቀደ ይቆጠራል። እናንተ ራሳችሁ ጊዜ ከጠየቃችሁ ግን ቆጠራው ይቆማል። ስለዚህ "ማመልከቻው ተሟልቷል" የሚለውን ኢሜይል ጠብቁ፣ ቀኑን ጻፉት፣ ያዙት።

የማስተካከያ ዝርዝር ሲመጣ አትደንግጡ። ለሁሉም ሰው ይመጣል። ዲዛይነሩ እያንዳንዱን ቁጥር ተራ በተራ መመለሱን እናንተ ራሳችሁ አንብባችሁ አረጋግጡ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚባክነው ከ20 ጥያቄ 3ቱ ሳይመለሱ ወረቀቱ ተመልሶ ሲገባ ነው። ከሕጉ ውጭ የሆነ ነገር ከጠየቋችሁ፣ ለምሳሌ 10 ፊት ራቁ ካሏችሁ፣ በትሕትና "ይህ በየትኛው አንቀጽ ነው? እባክዎ በጽሑፍ ይስጡኝ" በሉ። ካልተስማማችሁ የበላይ ተቆጣጣሪውን ጠይቁ። ከዚያም አልፎ የስቴቱ የቤቶችና ማኅበረሰብ ልማት መሥሪያ ቤት ሲቲዎች ሕጉን ሲጥሱ አቤቱታ ይቀበላል፣ ለሲቲዎቹም ደብዳቤ ይጽፋል። የኤዲዩ መመሪያ መጽሐፍም በነፃ አውጥቷል፤ አውርዱት።

ፈቃዱ በእጃችሁ ከገባ በኋላ ሥራ ሳትጀምሩ ከ12 ወር በላይ ካቆያችሁት ሊቃጠል ይችላል። ገንዘቡ ሳይዘጋጅ አታውጡት።

ሰባተኛ፦ ኮንትራክተር፣ ቀብድ እና ገንዘብ

ሰዎቻችን የሚጎዱት እዚህ ነው። ሲቲው ላይ አይደለም።

የካሊፎርኒያ ሕግ ኮንትራክተር ከእናንተ ሊቀበል የሚችለውን ቀብድ ወስኖታል፦ 1,000 ዶላር ወይም ከጠቅላላው ዋጋ 10 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው። ኤዲዩ ላይ ያነሰው ሁልጊዜ 1,000 ነው። "ዕቃ ልግዛበት፣ 40,000 ስጡኝ" የሚላችሁ ሰው፣ ቢሮው ቢያምር፣ ማስታወቂያው ቢበዛ፣ ቤተ ክርስቲያን ብትተዋወቁ፣ ከሕግ ውጭ ነው የሚጠይቃችሁ። ከዚያም በኋላ ክፍያው ከተሠራው ሥራ መብለጥ የለበትም። መሠረት ሲፈስ ይህን ያህል፣ ጣሪያ ሲገባ ይህን ያህል እያሉ በውሉ ላይ ይጻፋል።

ላይሰንሱን በኮንትራክተሮች ፈቃድ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በቁጥሩ ፈልጉ። ጠቅላላ ግንባታ የሚሠራው ላይሰንሱ ቢ መሆን አለበት። በላይሰንሱ ላይ ያለው ስም ውሉ ላይ ካለው ስም ጋር ይግጠም። የሠራተኞች ጉዳት ኢንሹራንሱ የሚሠራ መሆኑንም እዚያው ታዩታላችሁ፤ ኢንሹራንስ የሌለው ሠራተኛ ከጣሪያችሁ ላይ ቢወድቅ ጣጣው ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። የአገር ልጅ ማሠራት ደስ ይላል፣ እኔም ገንዘቡ እዚያው ቢዞር እመርጣለሁ። ግን ላይሰንሱን ከማየትና ውል ከመፈረም አያድንም። ውል ከፈረማችሁ በኋላ በ3 ቀን ውስጥ የመሰረዝ መብት አላችሁ፣ ዕድሜያችሁ 65 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በ5 ቀን።

ሊን የሚባለውንም እወቁ። ለዋናው ኮንትራክተር ሙሉውን ከፍላችሁ፣ እሱ ግን የቧንቧ ሠራተኛውን ወይም እንጨት ያቀረበውን ድርጅት ካልከፈለ፣ ያልተከፈለው ሰው በቤታችሁ ላይ እዳ ማስመዝገብ ይችላል። ቤቱ የእናንተ ነውና እናንተን ይይዛል። መከላከያው ይኸው ነው፦ በየክፍያው ከኮንትራክተሩ ብቻ ሳይሆን ከንዑስ ተቋራጮቹና ከዕቃ አቅራቢዎቹ "ተከፍሎኛል፣ ሊን አላስመዘግብም" የሚል የተፈረመ ወረቀት ተቀበሉ። ሥራ ሲጀመር በፖስታ ከማታውቁት ድርጅት ማስታወቂያ ከመጣላችሁ አትጣሉት፣ ዕቃ አቅራቢ "እኔም እዚህ ሥራ ላይ አለሁ" ሲል የሚልከው ነው። ስሙን መዝግባችሁ ከእሱም ወረቀቱን ጠይቁ።

ገንዘቡን ብዙ ሰው የሚያገኘው በቤቱ ኢኩዊቲ ላይ ከሚወሰድ ብድር፣ ሞርጌጁን እንደገና በማስተካከል ወይም ከግንባታ ብድር ነው። ስቴቱ ይሰጠው የነበረው እስከ 40,000 ዶላር የሚደርስ እርዳታ ገንዘቡ ካለቀ ቆይቷል፤ "አስመዘግብላችኋለሁ" ብሎ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ካለ እንዳትሸወዱ። የንብረት ግብር ይጨምራል፣ ግን የሚገመተው አዲስ የተሠራው ብቻ ነው፤ የዋናው ቤት ግምት በዚህ ምክንያት አይነሳም።

ስምንተኛ፦ ኢንስፔክሽን

ኢንስፔክተሩ በየደረጃው ይመጣል፦ አርማታ ከመፍሰሱ በፊት ብረቱን ያያል፣ የእንጨቱ ሥራ ሲቆም፣ የመብራት ሽቦና ቧንቧው ሲዘረጋ፣ የሙቀት መከላከያው ሲገባ፣ ከዚያ በኋላ ነው ግድግዳ የሚዘጋው። ሳይታይ የተዘጋ ግድግዳ እንዲከፈት ይታዘዛል። ኮንትራክተሩ "ኢንስፔክተሩ ነገ ነው፣ ዛሬ እንዝጋው" ቢል እንቢ በሉ። የኢንስፔክሽን ካርዱ ሁልጊዜ ግቢው ውስጥ ይሁን፣ በየፊርማው ፎቶ አንሱት። ግድግዳ ከመዘጋቱ በፊት የሽቦውንና የቧንቧውን መስመር በስልካችሁ ቅረጹ፣ ወደፊት ለጥገና ትፈልጉታላችሁ።

ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት ላላችሁ

ቤቱን ስትገዙ ጋራዡ ቀድሞ ተቀይሮ ቆይቷችሁ ይሆናል። ወይም ከዓመታት በፊት ያለ ወረቀት ተሠርቷል። ተከራይ አለ፣ በየጊዜው ስጋት አለ። ከጥር 2025 ጀምሮ የሚሠራው ኤቢ 2533 የሚባለው ሕግ ለእናንተ ነው። ከጥር 1 ቀን 2020 በፊት የተሠራ ከሆነ፣ የኤዲዩን ደንብ ወይም የግንባታ ኮዱን አላሟላም በሚል ብቻ ፈቃድ ሊከለክሏችሁ አይችሉም፤ ሊያስገድዷችሁ የሚችሉት ለጤናና ለደኅንነት አደገኛ የሆነውን እንድታስተካክሉ ነው። የልማት ተፅዕኖ ክፍያም በመሠረቱ አይጠየቅም። ሲቲው የሚያየው ምን እንደሆነ የሚዘረዝር ወረቀት ማውጣት አለበት። ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት ላይሰንስ ያለው ኮንትራክተር በግል አስመጥታችሁ በምስጢር ማስመርመር ትችላላችሁ፣ ምን ያህል ሥራ እንደሚጠብቃችሁ አውቃችሁ ትገባላችሁ። ልጅ የሚተኛበት ክፍል ውስጥ የተሳሳተ የመብራት መስመር ካለ ዛሬውኑ መታወቅ አለበት፣ ፈቃዱ ቢዘገይ እንኳ።

ካለቀ በኋላ

የመጨረሻው ኢንስፔክሽን አልፎ የመኖሪያ ማረጋገጫው ሳይሰጣችሁ ሰው አታስገቡ። አዲሱ ቤት የራሱ አድራሻ ይሰጠዋል፣ ፖስታ ቤቱ መዝግቦት እንደሆነ አረጋግጡ። የቤት ኢንሹራንሳችሁ ጋ ደውሉ፣ ተከራይ የምታስገቡ ከሆነም ንገሯቸው፣ ሳይነገራቸው እሳት ቢነሳ ክርክር ይመጣል። ለአጭር ጊዜ እንግዳ ማከራየትን ሲቲዎች መከልከል ይችላሉ፣ ሎስ አንጀለስም በኤዲዩ ላይ ይህን ገድባለች፤ ከ30 ቀን በላይ በሆነ ውል አከራዩ። ኤዲዩውን ከዋናው ቤት ለይቶ መሸጥ የሚቻለው ሲቲው ፈቅዶ ደንብ ካወጣ ብቻ ነው፣ ሳን ሆዜ አውጥታለች።

ማህተም ያለበትን ፕላን፣ የተፈረመውን የኢንስፔክሽን ካርድ፣ የመኖሪያ ማረጋገጫውን፣ የሊን ወረቀቶቹንና ደረሰኞቹን ሁሉ ስካን አድርጋችሁ በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ቤቱን ስትሸጡ ወይም ሞርጌጁን ስታድሱ ባንኩ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው።